ቀጥ ያሉት አርባ እጅጌዎች

ልጄ የሚሠራው ሹራብ ፋብሪካ ነው። ሹራብ ግን አንድም ቀን ሠርቶ አያውቅም። ሹራቡን የሚሠሩት ማሽኖች ናቸው፤ ማሽኖቹ የሚታዘዙበትን ፕሮግራም የሚጽፈው ደግሞ እሱ ነው። ማሽን ባነከሰ ቁጥር የሚጠራው እሱ ስለሆነ ሠራተኛው ሁሉ «ሐኪሙ» ይለዋል። ሐኪምም የራሱን በሽታ ደብቆ ሊኖር እንደሚችል ያየሁት በእሱ ነው። በሽታው ቅናት ነበር፤ የቀናውም በገዛ ሚስቱ ነው።

እኔ እዚያው ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት አጣፊ ነበርኩ። ያለቀ ሹራብ ይመጣልኛል፣ አጥፌ እቆልላለሁ። ልጄን የሚጠብቅልኝ ሰው ስላልነበረ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማጠፊያው ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብሎ የቤት ሥራውን ይሠራ ነበር። ፊደል ያስተማረኝም እዚያው ሥር ሆኖ ነው። እሱ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አርባ ሁለት። እስከዚያ ድረስ የሹራቡን ልክ የምለየው በተለጠፈበት ወረቀት ቀለም ነበር። አንድ ቀን ቀለሙን ቀየሩትና አንድ ሙሉ ቁልል የትልቅ ሰው ሹራብ በሕፃናት ሳጥን ልኬ ተሳቀብኝ። ልጄ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ ሲሳቅብኝ ሰማ። በማግስቱ ደብተሩን ይዞ መጣና ተቀመጪ አለኝ።

እንደ እሱ ያለ ጨካኝ አስተማሪ አላየሁም። የእኔ ችግር መገመት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቃላት በጣቴ እይዝና የቀረውን ከራሴ እሞላዋለሁ። «ላሟ» የሚል ካየሁ «ላሟ ወተት ሰጠች» ብዬ አልፋለሁ፤ መጽሐፉ የሚለው ግን ላሟ ጠፋች ነው። እሱ ታዲያ ጣቴን ይዞ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሰኛል። «እማዬ፣ አትገምቺ። እስከ መስመሩ መጨረሻ አንብቢ።» በቀን ሃምሳ ጊዜ ሳይለኝ አይቀርም። ዛሬም ንባቤ የኤሊ ጉዞ ነው፤ ነገር ግን የመስመር ጫፍ ዘልዬ አላውቅም።

አድጎ ኮምፒውተር ተማረና ያው ፋብሪካ ቀጠረው። ማሽኖቹ ያረጁ ናቸው፤ ሆዳቸው ውስጥ ያለችው ትንሽ ኮምፒውተር የሚገባት አንድ ቋንቋ ብቻ ነው። ቋንቋውን ሊያስረዳኝ ወደ ማጠፊያዬ ጠረጴዛ ነው የወሰደኝ። እንዳንቺ ቁልል ነው አለኝ። ያመጣሽውን ከላይ ታስቀምጫለሽ፣ ስታነሺም ከላይ ያለውን ነው የምታነሺው፣ ከሥር መምዘዝ የለም። መጀመሪያ ቁጥሩ ቁልሉ ላይ ይቀመጣል፤ ድርጊቱ ኋላ ይመጣና ከላይ ያገኘውን አንስቶ ይሠራበታል። አብዛኞቹ ቋንቋዎች ድርጊቱን ያስቀድማሉ፣ ይኼኛው ግን ያስከትላል ብሎ እንድደነቅ ጠበቀ። እኔ አልደነቀኝም። እኛስ ብንሆን «ውሃ አምጣ» እንላለን እንጂ «አምጣ ውሃ» እንላለን እንዴ?

በዚያ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ሥራው ቃል ማውጣት ነው። ትንንሽ ቃላት ያወጣል፣ ከትንንሾቹ ትልልቆቹን ይሠራል። ስማቸውን ያሻውን ማለት ይችላል፤ ልጄም በራሳችን ፊደል ጻፋቸው። በእጅ ሹራብ መሥራት ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቅ ስሞቹን የሚጠይቀው እኔን ነበር። መርፌ ያስይዘኛል፣ ዓይኑን ከጣቴ ሳይነቅል አሁን ያደረግሽው ምን ይባላል ይለኛል። እኔ ምን አውቄ፤ እጄ ይሠራል እንጂ ለሥራው ስም አውጥቶ አያውቅም። እንደመጣልኝ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። «አጥብብ» የምትለዋ ቃል የእኔ ናት። «ጣል»ም የእኔ ናት። አንዷን ደግሞ ጎረቤቴን ሳስተምር እንደምለው «ሳብ አድርገሽ እለፊ» ብዬው ነበር፤ አንዲት ፊደል ሳይቀንስ ጻፋት። ሐኪሙ ማሽኑን እንደ ሴት ጎረቤት ነው የሚያዘው ተብሎ ፋብሪካው ሁሉ ሳቀ። አልቀየራትም።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቆ ይነግረኝ ነበር። አንድ ቃል ሥራውን ሲጨርስ ቁልሉ ላይ ትርፍ ነገር ትቶ መሄድ የለበትም። የተወው ነገር በዚያች ሰዓት ማንንም አይጎዳም፤ ቆይቶ ግን ሌላው እጁን ሲሰድ ያላሰበውን ያነሳል።

ዋናው ሥራው አንባቢው ነበር። ፋብሪካው አንዲት ንድፍ አውጪ አለችው፤ ድሮ ከእኔ ጋር አጣፊ የነበረች ባልንጀራዬ ናት። የሹራቡን ንድፍ፣ የክሩን ቀለበት በየዓይነቱ እየቆጠረች፣ በራሷ አጻጻፍ ትጽፋለች፦ አሥር ልሙጥ፣ ሁለት ግልብጥ፣ አራት ጊዜ ድገም። መሃል ላይ ለራሷ ማስታወሻ ጣል ታደርጋለች፤ አንዳንዴ «እዚህ ጋ ክሩን አደራ» የሚል፣ አንዳንዴም «ሽንኩርት መግዛት» የሚል። የልጄ አንባቢ ይህን ጽሑፍ ቃል በቃል እየለቀመ፣ ማስታወሻውን እየዘለለ፣ ማሽኑ ወደሚታዘዘው ነገር ይለውጠዋል። ይኼ ቃል ከመጣ ቀጥሎ ያለውን እይ፣ እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ፣ ካልሆነ ተመለስ እያለ ሁሉንም በእጁ ነው የጻፈው። ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት። ንድፍ አውጪዋ አንድ አዲስ አሠራር ባመጣች ቁጥር ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ያጣል። ቢሆንም አንባቢው አንድም ቀን አሳስቶ አያውቅም። ሰው ስለ ልጁ እንደሚያወራው ነበር ስለ እሱ የሚያወራው፤ ዛሬ እንዲህ አለ፣ ዛሬ እንዲህ አመመው ይለኛል።

ምራቴ ድሮ የፋብሪካው ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ያንን ቋንቋ ያስተማራት እሱ ነው፤ የተጫጩትም በዚያው ነው ማለት ይቻላል። ሌላው ወጣት ሲኒማ ቤት ይሄዳል፣ እነሱ ሳሎኔ ውስጥ ሳህን እየቆለሉ ይማማራሉ። ሁለት ሳህን ሰብረውብኛል። ተጋቡ፣ ሴት ልጅ ወለዱ፣ ልጅቷ አምስት ዓመት ሲሆናት ምራቴም ወደ ባሏ ክፍል ተዛወረች። ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሠሩ። ከዚያ ገጹ መጣ።

ገጹ የምለው አንድ ወረቀት ነው። በዚያው ቋንቋ ውስጥ ሰዋስው የሚጻፍበት መሣሪያ አለ። በዚህ መሣሪያ የሚጽፍ ሰው ጽሑፉ እንዴት እንደሚለቀም አይናገርም፤ ምን እንደሚመስል ብቻ ነው የሚናገረው። ንድፍ ማለት የረድፎች ድርድር ነው። ረድፍ ማለት ቁጥርና አሠራር ነው። አሠራር ማለት ወይ ይኼ ነው፣ ወይ ያ ነው፣ ወይ ያኛው ነው። የቀረውን ልፋት መሣሪያው ራሱ ይወጣዋል። ምራቴ በሦስት ቀን ውስጥ የባሏን የዘጠኝ ዓመት አንባቢ በሃያ ሦስት መስመር ጽፋ መጣች።

ያን ቀን ወረቀቱን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ባሏን ጠራችው። ጎንበስ ብሎ አየው። «ጥሩ ነው» አለና ጨው የት እንዳለ ጠየቀኝ። ጨው ከፊቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቦታው ገጹ ሆነ ወሬው። ፋብሪካው ለምራቴ «ባለ አንድ ገጿ» የሚል ስም አወጣላት። የበሩ ዘበኛ ልጄን ሲያገኘው፣ አንተ ዘጠኝ ዓመት ያስታመምከውን በሽተኛ እሷ በአንድ ወረቀት አዳነችው አሉ ብሎ ይቀልድበታል። ሥራ አስኪያጁም ወሰነ፤ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ማሽኖቹ በአዲሱ ገጽ ይሠራሉ፣ የድሮው አንባቢ ይነሣል። ልጄ ይህን ሲነግረኝ «ይነሣል» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አለው።

ቅናት ድምፅ የለውም ይላሉ፤ እኔ ግን ሰማሁት። ሲያኝክ ይሰማ ነበር። ፎጣ አሰቃቀሏን ማረም ጀመረ። ድሮ ፋብሪካው በር ላይ ጠብቋት አብረው ይመጡ ነበር፤ አሁን ከእሷ ቀድሞ ባንዱ አውቶቡስ ይመጣል። ሰው ፊት «ሚስቴ እኮ ናት» እያለ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም። አንድ ቀን ትንሿ ልጅ «እማ ጎበዝ ናት አይደል?» ብትለው እጇን እንድትታጠብ ላካት። እጇ ንጹሕ ነበር።

እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር የራሴንም ልናገር። እኔም ቀንቼ ነበር። እሷ ሳትመጣ በፊት የቀኑን ሥራ የሚያጫውተው እኔን ነበር። ከተጋቡ ወዲህ ጨዋታው ወደ ክፍላቸው ገባ፤ እኔ በግድግዳው በኩል የምሰማው ሳቃቸውን ብቻ ሆነ። ምራቴ አንዲት ክፉ ነገር አድርጋብኝ አታውቅም፣ ቀድማኝ ምግብ ቀምሳ አታውቅም። የምጠላበት ምክንያት ስላልሰጠችኝ ቅናቴ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ ነበር።

ዓርብ ዕለት ልጄ ከሥራ ቀድሞ መጣና ወጥ ቤት ድረስ ገብቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ከስንት ዓመት በኋላ! ገጹን ከኪሱ አወጣና ዘረጋልኝ። በጥፍሩ ሁለት መስመር አሳየኝ፤ ላይኛው «ልሙጥ» ይላል፣ ከሥሩ ያለው «ልሙጥ ጥንድ» ይላል። ልሙጥ ጥንድ ሁለት የክር ቀለበት በአንድ መርፌ ይዞ አንድ ማድረግ ነው፤ እጅጌ ከትከሻ ወደ አንጓ እየጠበበ የሚሄደው በእሱ ነው።

«አየሽ እማዬ፣ ይኼ መሣሪያ ምርጫ ሲሰጡት በተጻፈበት ተራ ነው የሚሞክረው። የመጀመሪያው ከገጠመለት ሁለተኛውን ዞሮም አያየው።»

ገባኝ። ረጅሙ ከአጭሩ በላይ መጻፍ ነበረበት። አሁን ግን መሣሪያው «ልሙጥ ጥንድ» የሚል ሲመጣ «ልሙጥ» የሚለውን ያይና ይበቃዋል። «ጥንድ» ብቻዋን ትቀራለች። ያልታወቀ ቃል ሁሉ የንድፍ አውጪዋ ማስታወሻ ነው ስለተባለ፣ እሷንም እንደ ሽንኩርቱ ይዘላታል። ምራቴ ገጹን የፈተነችው በአንገት ልብስና በብርድ ልብስ ነበር፤ እነሱ ደግሞ አይጠቡም። የሰኞው ሥራ የተማሪዎች ሹራብ ነው።

ነግረሃታል ወይ አልኩት።

«ራሷ ታግኘው። ባለ አንድ ገጿ አይደለች?» አለና ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

እናት ነኝና እዚያው ላይ መቆጣት ነበረብኝ። አልተቆጣሁም። ሻይ ቀዳሁለት። የዚያ ቤት ምስጢር ከስንት ጊዜ በኋላ ወደ እኔ ወጥ ቤት መጥቶ ነበርና ጣፈጠኝ።

ቅዳሜ ምራቴ ለሰኞ የምትለብሰውን ቀሚስ ይዛ መጣች፤ ረዝሞባት ነበር። ወንበር ላይ አቆምኳትና ጫፉን በመርፌ እየያዝኩ ዞርኳት። ከላይ ሆና «እማማ፣ ሰኞን እኮ ፈራሁት» አለችኝ። ምን ያስፈራሻል አልኳት። እንዲያው ሁሉ ነገር በጣም ቀለለኝ፣ የቀለለኝ ነገር ደግሞ ያስፈራኛል አለች። አፌ መርፌ ይዞ ነበር፤ ለዝምታዬ ሰበብ ሆነልኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሲነቅዝ ያዳመጥኩት እኔ ነኝ።

እሑድ ምራቴ ልጇን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደች። ገጹ ጠረጴዛው ላይ ነበር። መነጽሬን አድርጌ አነሣሁት። ለመልካም ነገር አልነበረም፤ ያችን የተሳሳተች መስመር አንድ ጊዜ ደግሜ ላያት ፈልጌ ነው። ነገር ግን መሃል ገጽ ላይ ዘሎ መግባት አልተማርኩም፤ እኔ የማነበው ከመጀመሪያ ነው። ጣቴን አስቀመጥኩና ጀመርኩ። የመጀመሪያው መስመር ንድፍ ምን እንደሚመስል ይናገራል፤ ጫፉ ላይ፣ በቅንፍ ውስጥ፣ «ደርድር» ይላል። ሁለተኛው ስለ ረድፍ ይናገራል፤ ጫፉ ላይ «አንሣ» ይላል። አራተኛው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። በቅንፉ ውስጥ «ሳብ-አድርገሽ-እለፊ» ይላል።

ድምፄን በሰው ጽሑፍ ውስጥ አገኘሁት። ገጹን እስከ ታች አነበብኩ። በየመስመሩ ጫፍ አንዳንድ ቃል አለ፤ «አጥብብ»፣ «ጣል»፣ «ገልብጥ»። ሁሉም የልጄ ናቸው። ያኔ ነው የገባኝ። ይህ ገጽ የሚያውቀው መለየት ብቻ ነው። ይኼ ልሙጥ ነው፣ ያ ግልብጥ ነው ይላል። ከለየ በኋላ የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል፤ ምራቴ ደግሞ ሥራውን ሁሉ ለባሏ ቃላት ነበር የሰጠችው።

ልጄ የተበላሸ ቧንቧ ሲጠግን ቆይቶ እጁን እያደራረቀ ገባ።

«ና እስቲ፣ ይኼን አንብብልኝ።»

«አንብቤዋለሁ እኮ እማዬ።»

«ጮክ ብለህ።»

ተነፈሰና ጀመረ። የየመስመሩን ግማሽ እየተናገረ ወደሚቀጥለው ይዘላል፤ ልሙጥ ጥንድ ጋ ሲደርስ ፈገግ ሊል ነው። ጣቱን ያዝኩት። የትልቅ ሰው ጣት ነው አሁን፣ ጸጉር አብቅሏል። ወደ ላይ፣ ወደ መጀመሪያው መስመር መጀመሪያ መለስኩት።

«አትገምት። እስከ መስመሩ መጨረሻ አንብብ።»

አነበበ። የመጀመሪያውን ጨረሰ፣ ሁለተኛውን ጨረሰ፣ አራተኛው ላይ ድምፁ ወረደ። የቀረውን በዓይኑ ብቻ ነው የሄደበት። ስሕተት ፍለጋ ሲያነብ ስሕተት ያለበትን ወገን ብቻ አይቶ ኖሯል። ዘጠኝ ዓመቱን በሙሉ ጠራርጋ ጥላ ከአዲስ የጻፈች ነበር የመሰለው። ወረቀቱን አስቀምጦ በጣቱ ቆጠረ፤ ሃያ ሦስት መስመር፣ ሃያ ሦስት ቃል።

«አንዷንም አልጣለችም» አለ።

ንገራት አልኩት። ዛሬ እነግራታለሁ አለ። ሄዶም በር በሩን ያይ ጀመር።

ምራቴ አመሻሽ ላይ ከእናቷ ቤት ዳቦ ይዛ፣ ደስ ብሏት መጣች። ቀሚሷን መተኮስ ጀመረች። ልጄ ሦስት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሲዘጋ አየሁት። በመጀመሪያው ቁልፉን የት እንዳደረገችው ጠየቃት። በሁለተኛው እናቷ ደኅና እንደሆኑ ጠየቃት፤ ነግራው ነበር። በሦስተኛው ዝም ብሎ አያት፤ እሷም ምነው አለችው፣ ምንም አላት። ኮሪደር ላይ ሲያልፈኝ ነገ አውቶቡስ ውስጥ እነግራታለሁ ብሎ ሹክ አለኝ። አሁን ይሻላል ማለት ይገባኝ ነበር። ደስታዋን ማየት እንጂ ማፍረስ ስላልፈለግኩ እሺ አልኩት።

ሰኞ ጠዋት ፊቱን እየተላጨ ሳለ ንድፍ አውጪዋ መጥታ ምራቴን ይዛት ሄደች፤ ቀድመው ገብተው ማሽኖቹን ሊያሰናዱ ነው። ልጄ የበሩን ድምፅ ሲሰማ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ወጣ። አውቶቡሱ ሄዷል። የሚቀጥለው እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ቆመ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ ንድፍ አውጪዋ ናት። ሥራ አስኪያጁ፣ ክር አጠንጣኞቹ፣ አጣፊዎቹ፣ ሁሉም ማሽኖቹን ከብበው ነበር። ምራቴ ንድፉን ሰጠቻቸው፤ አራቱም ማሽኖች ያለ አንዳች ማንከስ ተነሡ። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ። ሁሉም የሚያየው ኮምፒውተሩን ነበርና እጅጌዎቹ ቅርጫት ውስጥ ሲወድቁ ማንም ልብ አላለም። አርባ ከሞሉ በኋላ ንድፍ አውጪዋ አንዱን አንሥታ ዘረጋችው። ከትከሻ እስከ አንጓ አንድ ስፋት ነው፤ የውሃ ቱቦ ይመስላል። አንዱ አጠንጣኝ «ይኼ የተማሪ ክንድ ነው የዝሆን?» አለ። ምራቴ እጅጌውን ተቀብላ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገባች። ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ ሐኪሙን ጥሩ» አለ፣ ሳቅ ሆነ።

ልጄ እያለከለከ የገባው በዚህ መሃል ነው። ሥራ አስኪያጁ አየውና ፊቱ በራ። የድሮውን አንባቢ ገና አላነሣነውም፣ እሱኑ መልስልን፣ ገጹ ይቅር አለው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ባልንጀራዬ እንደነገረችኝ፣ እንደዚያ ቀን ልጄን የተመለከቱት ጊዜ የለም፤ አንድ ቃል ቢናገር ዘጠኝ ዓመቱ ይመለስለታል። ለዚያች ሰዓት ሲል አይደለም ወይ ሦስት ቀን ዝም ያለው?

«ገጹ ደኅና ነው» አለ ልጄ። «ሁለት መስመር ቦታ ይቀያየሩ፣ ረጅሙ ከላይ ይሁን። ዓርብ አይቼው ነበር። ሆን ብዬ ዝም አልኩ።»

ምራቴ አላየችውም። ተቀመጠች፣ ሁለቱን መስመር አለዋወጠች፤ ውሃ ለመጠጣት ከሚፈጀው ያነሰ ጊዜ ነው። ማሽኖቹ እንደገና ተነሡ፣ እጅጌዎቹ እየጠበቡ መጡ። አሁን ግን ያጨበጨበ የለም። ሥራ አስኪያጁ አርባዎቹን ማን ይፍታቸው ሲል ልጄ እኔ አለና በጆንያ ተሸክሟቸው ወደ ቤት መጣ።

ምራቴ ብቻዋን መጣች። ልጇን አበላች፣ ሳህኖቹን አጠበች። ቀሚሷን አልቀየረችም፤ እኔ ያሳጠርኩላትን ጫፍ እያየሁ መቀመጥ አቃተኝ።

«ዓርብ እኔም ሰምቼ ነበር» አልኳት።

እጇን አደረቀች። «እርስዎም?»

«እኔም።»

«ቅዳሜ ቀሚሴን ሲያሳጥሩልኝ ያውቁ ነበር?»

አዎ አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። ትራሷን ይዛ ልጇ ጋ ገባች። ባሏ ዓርብ ዕለት ቁልሉ ላይ የተወው ነገር ሰኞ በእሷ እጅ ወጣ፤ ከሥሩ ደግሞ የእኔም ዝምታ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከራት በፊት እኔና ልጄ ሳሎን ቁጭ ብለን እጅጌ እንፈታለን። እሱ ይጎትታል፣ እኔ እጠቀልላለሁ። ምራቴ በመካከላችን ታልፋለች፤ ጤና ይስጥልኝ ትለኛለች፣ እሱን አትለውም። በማሽን የተሠራ ሹራብ ሲፈታ ቀላል ይመስላል እንጂ አያያዙን ላላወቀ ክሩ ይበጠሳል። ልጄ ደግሞ ማሽን እንጂ ክር አያውቅም።

በአራተኛው ቀን ስታልፍ ቆመች። ቆማ አየችው። «እንደዚያ ከጎተትከው ይበጠሳል» አለችው። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋ ቃል ናት። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እጅጌውን ከእጁ ተቀበለችና ጫፉን ፈልጋ ለቀቀችው፤ ክሩ እንደ ውሃ ወረደ።

«ለምን?» አለችው ዓይኗን ከክሩ ሳታነሣ።

«ቀናሁ።»

«በማን?»

«ባንቺ።»

ረጅም ጊዜ ፈታች። አንድ ሙሉ እጅጌ አለቀ። ከዚያ እሷም ብትሆን ስትቀና እንደኖረች ነገረችው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ገጹ ነው፤ እሷ ግን ገጹን ስትጽፍ በየመስመሩ ጫፍ ስትደርስ የራሷን ቃል ለማውጣት ሞክራ አቅቷት ነበር። ያወጣችው ሁሉ ከእሱ ቃል ጎን ሲቀመጥ ይሞታል። መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጣ የእሱን አስገባች። «አንተ እንደዚያ ያለ ስም ከየት እንደምታመጣ እንጃ» አለችው። «ሳብ አድርገሽ እለፊ! ይኼን እኔ መቼም አላስበውም።»

ልጄ አንገቱን ደፋ። እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ግን የዝምታ ነገር ከእንግዲህ በቅቶኝ ነበር።

«ስሙንስ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ልጄ መጀመሪያ ሳቀ፤ የድሮ ሳቁ ነው፣ ከሆዱ የሚመጣው። ምራቴም ከንፈሯ ሊከዳት ሲል ያዘችው።

«እርስዎን ገና አልታረቅኩም» አለችኝ።

እንዲህ እያለች ግን ሁለቱን እጆቿን ለክሩ ዘርግታልኝ ነበር። ጫፉን አውራ ጣቷ ላይ አሰርኩና ማዞር ጀመርኩ። ጆንያው ውስጥ ገና ሃያ አንድ እጅጌ ቀርቶን ነበር።